ልምምድ ሰባት

የድምፅ ማጉያው ኮሽ ብሎ ዝም አለ፤ ከዚያ አንድ ሰው በአፍንጫው አጭር አየር ሲስብ ተሰማ።

ሚጢጢ ክው አለች።

አጠገቧ የተቀመጠው አባቷ ምንም አልመሰለውም። አዳራሹን የሞሉት ወላጆችም ያችን ትንፋሽ ከቁም ነገር አልቆጠሯትም፤ ወንበሩን የሚያንቋቋው ያንቋቋል፣ ልጁን «ዝም በል» የሚለው ይቆጣል። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መድረኩ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ደብዳቤ ይዞ፣ ሌላውን እጁን እንደ ሙዚቃ መሪ ያወዛውዛል። ምቱን ግን አላገኘውም።

ከትንፋሹ ቀጥለው አራቱ መሣሪያዎች አንድ ላይ ተነሡ፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ሙዚቃው የእነሱ ነው፤ ለውድድር የላኩት ቅጂ። ኳርቴታቸው ሦስት ወር ሙሉ ሲያሸው የከረመው ቀርፋፋው ክፍል ነው። አባቷ በክርኑ ጎሰም አደረጋት።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አላት በሹክሹክታ። «ቀጭኗ ነሽ ወፍራሟ?»

«ከላይ የምትሰማት ጥይት ናት። እኔ ከሥሯ ነኝ።»

ይህን የመለሰው አፏ ብቻ ነው፤ ጆሮዋ ሌላ ቦታ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሌሎቹ ሦስቱ ድምፃቸውን ይዘው ሲቆዩ ሁለተኛዋ ቫዮሊን ብቻዋን ወደ ላይ የምትወጣበት ቦታ አለ። ሚጢጢ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ለአንዲት ቅጽበት ትዘገያለች። መምህሯ መቶ ጊዜ ነግረዋታል፤ መቶ ጊዜ «እሺ» ብላለች፤ መቶ አንደኛውንም ዘግይታለች። አሁን ቦታው እየደረሰ ነው። ሚጢጢ የወንበሯን ጠርዝ ጨበጠች።

ቫዮሊኗ አልዘገየችም። በልኩ ወጣች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ደግሞ ክሩ ላይ በጣት ትንሽ ተንሸራተተች፣ ልክ ሰው ከመናገሩ በፊት ድምፁ እንደሚሰበረው።

እንዲህ የሚጫወት ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ከመጀመራቸው በፊት በአፍንጫቸው አየር የሚስቡትም እሳቸው ናቸው። ሚጢጢ ዞር ብላ ወደ ኋላ ተመለከተች።

መምህሯ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ግራ እጃቸውን ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ፣ ተማሪን እስኪያልበው ድረስ ትክ ብለው የሚያዩት እኚያ ሴትዮ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሚጢጢ ከሁሉ በላይ የደነገጠችው ያኔ ነው።

መምህሯ ማን እንደሆኑ ከተማሪ እስከ ጥበቃ ድረስ የማያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ኳርቴት ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ሲጫወቱ ኖረዋል። ከአገር አገር ዞረዋል፤ ስማቸው በትንሹ የተጻፈባቸው ትልልቅ ፖስተሮች የማስተማሪያ ክፍላቸው ቁም ሣጥን አናት ላይ ተጠቅልለው አቧራ ይጠጣሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የግራ እጃቸው ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። አሥር ደቂቃ ያህል ይጫወታሉ፤ ከዚያ በላይ እጃቸው አይታዘዛቸውም። አሥር ደቂቃ ብቻ የሚጫወት ሰው ደግሞ መድረክ ላይ አይወጣም። ስለዚህ መድረኩን ትተው አራት አራት ልጅ ሰብስበው እርስ በርስ መደማመጥን ማስተማር ያዙ።

የማይሻር አንድ ልማድ አላቸው። ከአራቱ አንዱ ከቀረ ወንበሩ ባዶ አይሆንም፤ መሣሪያውን አንሥተው ራሳቸው ይቀመጡበታል። «ከባዶ ወንበር ጋር የተለማመደ ጆሮ ይደነቁራል» ይላሉ። ሚጢጢ በሦስቱ ወር ውስጥ የቀረችው አንድ ሐሙስ ብቻ ነው፤ መንጋጋዋን ተነቅላ ጉንጯ እንደ ኳስ ባበጠበት ቀን።

ሙዚቃው አለቀ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ማንበብ ጀመረ። ኳርቴቱ ከተወዳደሩት ሁሉ ከተመረጡት ስድስት ቡድኖች አንዱ ሆኗል፤ በዕረፍቱ ወቅት አንድ ሳምንት ሙሉ ከታላላቅ ተጫዋቾች ጋር ይለማመዳሉ። «በተለይ» አለና ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «በተለይ ሁለተኛዋ ቫዮሊን ሌሎቹን ሳትጫን ሁሉንም ተሸክማ የምትሄድበት መንገድ በዚህ ዕድሜ ፈጽሞ የማይጠበቅ ነው!»

አባቷ ብድግ አለ። አባቷ መብራት ሠራተኛ ነው፤ ስለ ሙዚቃ የሚያውቀው ሬዲዮ መክፈትና መዝጋት ነው። እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። ሚጢጢ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ደርቆ ጥርሷ ላይ ተጣበቀ።

* * *

«የትኛውን ነው የላክሽው?» አለች ሚጢጢ።

አራቱም መሣሪያ ማስቀመጫዋ ክፍል ውስጥ ናቸው። ጥይት የቼሎ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዛለች። ጥይት የኳርቴቱ የመጀመሪያ ቫዮሊን ናት፤ ጣቷም ምላሷም ፈጣን ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ለሚጢጢ የልብ ጓደኛዋ ናት። ሚጢጢን «ሚጢጢ» ያለቻትም እሷው ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አልደርስ ሲላት።

«ምኑን?»

«ቅጂውን። ከቀዳናቸው አሥራ አንድ ልምምዶች የትኛውን?»

«ልምምድ ሰባትን። አሪፍ አይደል?»

«ቀኑን እዪው።»

ጥይት ስልኳን አወጣች። ጣቷ ወደ ታች ወደ ታች ሄደና ቆመ። የምታወዛውዘው እግሯም ቆመ።

«ሐሙስ» አለች ቀስ ብላ። «ሐሙስ… ጥርስሽን የተነቀልሽ ቀን?»

ቼሎ የሚጫወተው ግንቡ፣ ስሙ ሰውነቱን የሚመስለው ልጅ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቪዮላ ተጫዋቹ ዝምተኛው እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

«አንቺ አይደለሽማ!» አለች ጥይት። ከሣጥኑ ላይ ወረደች። «እመ ብርሃንን አላወቅኩም! አሥራ አንዱንም ሰምቻቸዋለሁ እኮ! ሁለት ሁለት ጊዜ!»

«እና ሰባትን ለምን መረጥሽው?»

ጥይት መልሱን ከመናገሯ በፊት ፊቷ ነገራት። «እኔ… በጣም ጥሩ አድርጌ የተጫወትኩበት እሱ ነው» አለች።

ሚጢጢ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ጥይት ብትዋሽ ይሻላት ነበር፤ ሆን ብላ አድርጋው ቢሆን እንኳ ይሻላት ነበር። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ክርናቸው እየተነካካ ተጫውተዋል። ጓደኛዋ ግን አሥራ አንዱን ቅጂ ሁለት ሁለት ጊዜ ስትሰማ የሰማችው የራሷን ቫዮሊን ብቻ ነው። ሚጢጢ ትኑር አትኑር ልብ አላለችም።

«አንተስ?» አለችው ግንቡን። «የውድድሩ ቅጽ ላይ ‹አራታችንም ሰምተን ተስማምተናል› ብለን ፈርመናል።»

«እኔማ ሰምቻለሁ» አለ ግንቡ አንገቱን እያከከ። «ሦስተኛው ገጽ ላይ ያቺን ወፍራም ድምፅ እንዴት እንዳወጣኋት ነው የሰማሁት። ሁለት ቀን ሙሉ እሷን ብቻ ነው ስደጋግማት የነበረው።»

ዝምተኛው እጁን በትንሹ ከፍ አደረገ፤ እኔም እንደዚያው ማለቱ ነው። ሚጢጢ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እሷ ጭራሹንም አልሰማችውም። የራሷን ስህተት መስማት ስለሚያሳፍራት፣ ወረቀቱን በመተላለፊያው ላይ የጥይትን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጋ ነው የፈረመችው። ጥይት እንዲያውም እየኮረኮረቻት ስትስቅ ነበር።

«እንንገራቸው» አለች።

«ማንን ነው የምንነግረው?» ጥይት በሩን ዘጋችው። «አብደሻል እንዴ? ከሰረዙን አለቀልን! አንቺ ገና አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ትወዳደሪያለሽ። እኔ በሚቀጥለው ወር ዕድሜዬ ያልፋል። ይሄ የመጨረሻዬ ነው፣ ገባሽ? ደግሞ እዚያ ስንሄድ የምትጫወቺው አንቺ ነሽ፤ እስከዚያ ትለማመጃለሽ። ዝም አይነቅዝም!»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» አለ ዝምተኛው።

«አንተ ደግሞ በስንት ጊዜህ አፍህን ከፍተህ ተረት!» ብላ ጮኸችበት።

ሚጢጢ ቫዮሊኗን አንሥታ ወጣች። እንባዋ የመጣው ደረጃው ላይ ነው። ለውድድሩ ይሁን ለጥይት ለይታ አላወቀችም፤ አለቀሰች ብቻ።

* * *

ዓርብ ልምምድ አልነበረም፤ በሩ ላይ «እጄን አሞኛል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰኞም ያው ወረቀት። እስከዚያ አባቷ ደብዳቤውን አስባዝቶ ለሥራ ባልደረቦቹ፣ ለባለ ሱቁ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር አድሏል። የጥርስ ሐኪሙ ነገር ለሚጢጢ ምን ያህል እንደሚያም እሱ የት ያውቃል።

የሚያስደነግጣት ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ካባዛው ደብዳቤ አንዱን ለራሷም ሰጥቷት ነበር። ቅዳሜ ዕለት መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና «በተለይ ሁለተኛዋ ቫዮሊን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አነበበችው። ደገመችው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ መስታወቱ ውስጥ የገዛ ፈገግታዋን አየችውና ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። እሷ መሆኗን ልታምን ትንሽ ነበር የቀራት!

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ የመምህሯን ክፍል አንኳኳች።

መምህሯ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ነክረዋል። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ።

«ቲቸር» አለች ሚጢጢ። የተለማመደችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ያ ቅጂ ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ ልጄ። ገና ስተነፍስ ነው ያወቅኩት። ጓደኞቼ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹እንደ ፈረስ አትተንፍሺ› ሲሉኝ ኖረዋል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለች፤ በድፍረቷ ራሷ ደነገጠች።

ለእናንተ ብዬ ነው እንዲሏት ጠብቃለች። ወይም ልፈትናችሁ ብዬ፤ አስተማሪ እንዲህ ማለት ይወዳል። መምህሯ እጃቸውን ከውሃው አወጡና ፎጣው ላይ አሳረፉት።

«ደስ ስላለኝ» አሉ።

ጣቶቻቸውን በፎጣው ጫፍ አደራረቁ።

«ለተማሪዎቼ ይጨበጨባል፤ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ያን ዕለት ግን የገዛ እጄን ሰማሁት። እንደዚያ መጫወት እንደምችል ረስቼው ነበር። ከዚያ ሰዎች አጨበጨቡ፤ ማንም አላወቀም፤ እኔ ግን ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ቀን ብቻ ልያዘው አልኩ። አንዱ ቀን ይኸው ስንት ቀን ሆነ። እጄ ደህና ነው፤ ወረቀቱን የለጠፍኩት ፊትሽን ማየት ስላፈርኩ ነው።»

ትልቅ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። «የቫዮሊን ደጋን ይዛችሁ አትዋሹ» እያሉ ያሳደጓት ሰው አሁን ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ሕፃን አንገታቸውን ደፍተዋል። ከሚጢጢ ድንጋጤ በኋላ የመጣው ንዴት ነው፤ ንዴቱ ጆሮዋን አጋለው።

«አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ አድሏል እኮ!» አለች። «ጥይት አኩርፋኛለች! እርስዎ እንዲህ ካደረጉ እኔ ማንን ልጠይቅ?»

«ልክ ነሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ቃሉ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ንዴቷን አበረደው። የተማሪዎቹ ወንበር ላይ፣ የራሷ ወንበር ላይ፣ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«ለውድድሩ አዘጋጆች ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ» አሉ መምህሯ። «እኔ ነኝ የተጫወትኩት፣ ጥፋቱም የእኔ ነው እላለሁ። ልጆቹ አያውቁም ነበር እላለሁ። አንቺ ምንም አታድርጊ፤ ዝም ብለሽ ልምምድሽን ቀጥይ።»

ቀላል ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ሁሉ ሴትዮዋ አታለለች ይላል፤ ሚጢጢ ደግሞ ምስኪን የተታለለች ልጅ ትሆናለች። አባቷም ይናደድላታል እንጂ አያዝንባትም። ሚጢጢ ፎጣው ላይ ያረፈውን እጅ አየችው። ሁለቱ ጣቶች ከሙቅ ውሃ ወጥተውም ነጭ እንደሆኑ ነው።

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

መምህሯ ቀና አሉ።

«ደብዳቤው። ቅዳሜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የራሴ ይመስል… እና ቅጂውን ሳልሰማ ነው የፈረምኩት። ያንን እርስዎ ሊጽፉልኝ አይችሉም። እኔ ነኝ የምጽፈው፤ ከእርስዎ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይሄዳል።»

«ከሰረዟችሁስ?»

«ይሰርዙናላ» አለች ሚጢጢ፤ ድምጿ ግን እንዳሰበችው ደፋር አልነበረም።

መምህሯ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ «ነገ በአሥር ሰዓት ይዘሽው ነይ» አሉ። «ሌሎቹንም ንገሪያቸው። የሚመጣ ይምጣ።»

ጥይት ደረጃው ሥር ስትጠብቅ አገኘቻት። የቫዮሊን ሣጥኗን ታቅፋለች። «ነገርሻቸው?» አለች። ሚጢጢ ነገ ምን እንደሚሆን፣ ስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ነገረቻት። ጥይት እየሰማች ከንፈሯን ነከሰች፣ አንድ ነገር ልትል ጀመረች፣ ተወችው። ፊቷን አዙራ ቻው እንኳ ሳትል ሄደች። ሚጢጢ ስሟን ልትጠራ ፈልጋ ነበር፤ ግን ብትዞር የምትላት ነገር አልነበራትም።

* * *

ቤት ስትደርስ አባቷ ሳሎን ቁጭ ብሏል። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው፤ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ቆይ ቆይ፣ ገና ነው! ዋናው እዚህ ጋ ነው» እያለ ነው። «አዳምጪ እንግዲህ፤ ‹በተለይ ሁለተኛዋ ቫዮሊን…›»

ሚጢጢ በሩ ላይ ቆመች። ወደ ክፍሏ ብትገባ ማንም አይጠይቃትም። እራት እስኪደርስ፣ ወይም እስከ ነገ፣ ወይም መልስ እስኪመጣ መጠበቅ ትችላለች። አንድ ቀን ብቻ ልያዘው እንደማለት ነው።

አባቷ አያትና ፊቱ በራ። «ይቺውልሽ መጣች! ነይ የኔ እናት፣ አክስትሽ ናት፣ እንኳን ደስ አለሽ ልትልሽ ነው።» ስልኩን ዘረጋላት።

ተቀበለችው። ከወዲያ በኩል አክስቷ ገና ሳትጠየቅ መመረቅ ጀምራለች።

«አክስቴ» አለች ሚጢጢ፣ «ትንሽ ቆይተን መልሰን እንደውልልሻለን» ብላ ዘጋችው።

አባቷ በመገረም አያት። «ምነው? ምን ሆንሽ? ገና አልጨረስኩላትም እኮ!»

ወንበር ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ «ያቺ ሁለተኛ ቫዮሊን እኔ አይደለሁም።»

አባቷ መነጽሩን አውልቆ ደብዳቤውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሚጢጢም ጥርሷን ከተነቀለችበት ሐሙስ ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ትነግረው ጀመር።